የኦሊምፒክ ማጣሪያ ስትከታተሉ ደረጃውን ብቻ አትዩ

የምትደግፉት ሯጭ በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ 40ኛ ነው ብላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። በአትሌቲክስ አንድ አገር በአንድ የግል ውድድር ከ3 ሰው በላይ አያሰልፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ሚኒማ (ለመግባት የተቀመጠውን ሰዓት) ያሟሉትን ያዙ፤ ቅድሚያው የእነሱ ነው። ከዚያ ሰንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ውረዱ። ከየአገሩ 3 ሰው ሲሞላ የዚያን አገር የቀሩትን ሰርዙና የውድድሩ ኮታ እስኪሞላ እንደገና ቁጠሩ። በፓሪስ 2024 የ10,000 ሜትር ኮታ 27 ሰው ብቻ ነበር። ኬንያና ኢትዮጵያ ደግሞ አናቱን እንዴት እንደሚያጨናንቁት ታውቃላችሁ! ትርፎቹ ሲወጡ 40ኛው ሰው ዘው ሊል ይችላል።

የራሳችሁ ሯጭ ከአገሩ 4ኛ ከሆነ ግን ስሌቱ አይሠራም፤ ምርጫው የፌዴሬሽኑ ነው። ለውሃ ዋናም አትሞክሩት፤ እዚያ የሚታየው ሰዓት ነው፣ የአገር ገደቡም 2 ሰው ነው።