ለሥነ ሕንፃ ቢሮና ለሬዲዮ ጣቢያ ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ለአንድ ሙያ ብቻ ሶፍትዌር የሚሠራ ኩባንያ ደንበኞቹ ውስን በመሆናቸው ሥራቸውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል፣ አንዴ ከለመዱት በኋላም መተው ያስቸግራል። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ማጣራት ያለበት የፕሮግራሙን ብልጫ ሳይሆን፣ ውሉ ቢቋረጥ የገዛ ሥራውን ይዞ መውጣት መቻሉን ነው።

በሕንፃ ዲዛይን ገበያውን የያዙት ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው። የአሜሪካው አውቶዴስክና አርኪካድ የተባለውን የሕንፃ መንደፊያ ፕሮግራም የሚሠራው የቡዳፔስቱ ግራፊሶፍት ሁለቱም በ1982 ተመሠረቱ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አውቶዴስክ ሬቪት የተባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም የሠራውን ኩባንያ በ2002 ጠቅልሎ ገዛ፤ ግራፊሶፍትም በ2007 በጀርመኑ ኔሜቼክ እጅ ገባ። አውቶዴስክ በ2016 የዘለቄታ ፈቃድ መሸጡን አቁሞ ወደ ኪራይ ዞረ፤ በ2020 ደግሞ የብሪታንያ የሥነ ሕንፃ ድርጅቶች ስለ ሬቪት ዋጋ መናርና ስለ ዕድገቱ መጓተት ግልጽ ደብዳቤ ጻፉለት። ከዚህ በመነሣት ዋጋ ሲነጻጸር የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ብቻ መታየት የለበትም፤ ቢያንስ የአምስት ዓመት ኪራይ በውጭ ምንዛሬ ተሰልቶ ይቅረብ። የአውቶዴስክ የግለሰብ ፈቃድ በየ30 ቀኑ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ መረጋገጥ ስላለበት፣ መስመር በሚቆራረጥበት የግንባታ ሥፍራ ለሚሠራ መሐንዲስ ይህም ከወዲሁ ይታሰብበት።

ለሙከራ ያለቀ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ይመረጥ። ሞዴሉ፣ ማለትም ሕንፃው በኮምፒውተር የተሠራበት ቅርጽ ከነመረጃው፣ አይኤፍሲ በተባለውና በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ 16739 ተብሎ በጸደቀው ክፍት ፎርማት ወጥቶ በሌላ ኩባንያ ፕሮግራም ይከፈት። ግድግዳው አሁንም ግድግዳ ተብሎ መመዝገቡን፣ በሩ ስፋቱንና እሳት የመቋቋም ደረጃውን መያዙን፣ መወጣጫው ደረጃ ስም የለሽ ድፍን ቅርጽ ሆኖ አለመቅረቱን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። መልኩ ማማሩ አያዘናጋ፤ የመጠን ዝርዝር የሚወጣው ከመረጃው ነው። በአዲስ የሬቪት እትም የተቀመጠ ፋይል በቀድሞው እትም ስለማይከፈት፣ ከስትራክቸር መሐንዲሱ ጋር በየትኛው እትም እንደሚሠራ ከሥራው በፊት በጽሑፍ መስማማት ይገባል።

የሬዲዮ ጣቢያ ፍተሻ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ስሕተት ሲፈጠር አድማጭ ወዲያው ይሰማዋል። ሙዚቃንና ማስታወቂያን በሰዓቱ የሚያጫውተው ፕሮግራም ማንም በሌለበት ሌሊት እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ባለበት የኔትወርክ ገመዱ ይነቀል፣ ቀጥሎም የኮምፒውተሩ ኃይል ይቋረጥ። ኃይሉ ሲመለስ ፕሮግራሙ ሰው ሳይነካው ተነሥቶ ከተላለፈው ሳይሆን ከትክክለኛው ሰዓት ዝርዝር መቀጠል አለበት። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ለአማርኛ ጣቢያ ሌላም ፈተና አለ። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ወደሚወከሉበት የጋራ ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ በ1999 የገባ ቢሆንም፣ ዩኒኮድን በወጉ የማይደግፍ ፕሮግራም የዘፈኑን ርእስ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ፊደሉ በትክክል ቢታይ እንኳ ፍለጋው ይሞከር፦ «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበው ዘፈን «ጸሃይ» ተብሎ ሲፈለግ ካልተገኘ፣ ጣቢያው ለአጻጻፍ የራሱን ደንብ አውጥቶ ሁሉንም መዝጋቢ ማስማማት ይኖርበታል። ማስታወቂያ የተላለፈበት ሰዓት ዝርዝርም በማንኛውም ኮምፒውተር በሚነበብ ፋይል መውጣት አለበት፤ አስተዋዋቂው ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቀው እሱን ነው። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሚሠራው ሪቬንዴል የተባለ የሬዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ከሚሸጡት ጋር ለማነጻጸር ይረዳል፤ ይሁንና ሊኑክስ የሚያውቅ ቴክኒሻን ለሌለው ጣቢያ ነጻነቱ ብዙም አይጠቅምም።

ከመፈረም በፊት የድጋፍ ሰዓቱ በአገር ቤት አቆጣጠር ይጠየቅ፤ ሻጩ አሜሪካ ከሆነ የእኛ ጠዋት የእሱ ሌሊት ነው። በውሉ ውስጥም ኪራዩ ካበቃ በኋላ ፋይሎቹ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈቱና በምን ፎርማት እንደሚመለሱ በግልጽ እንዲሰፍር ይጠየቅ።