ከወርድ ሰነድ ውስጥ ማክሮን እንዴት ማጥፋትና መቆጣጠር ይቻላል?

ጎንደር ውስጥ ሰነድ የሚዘዋወረው በአብዛኛው በፍላሽ ነው። ማራኪ ግቢ አካባቢ ያሉት የጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በተለይ ተመራቂዎች ጥናታቸውን በሚያስገቡበት ሰሞን፣ ፍላሽ ሲሰካና ሲነቀል ይውላል። ፒያሳም ያው ነው። ታዲያ አንዱ የወርድ ፋይል ሲከፈት ከላይ ቢጫ መስመር ብቅ ይላል። ማክሮ እንደታገደ ይናገርና ጎኑ ላይ «ኢኔብል ኮንቴንት» የምትል ቁልፍ ያስቀምጣል። ወረፋው ረጅም ነው፤ ባለ ፍላሹም «ቶሎ በልልኝ» እያለ ነው። ቁልፏ ትጫናለች።

አይጫኗት። ጽሑፉን ለማንበብም ሆነ ለማተም አታስፈልግም።

ማክሮ በሰነዱ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ፕሮግራም ናት። የምትጻፈው ቪቢኤ በሚባል ቋንቋ ነው። በራሷ ክፉ አይደለችም። ለምሳሌ ብዙ ሰው አራት ነጥብ ሲፈልግ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል፤ «።» መሆን የነበረበት «፡፡» ይሆናል። ለዓይን አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያየ ነው። በአንድ ትልቅ ጥናት ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንዴ የሚያስተካክል ማክሮ ያለው ጸሐፊ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ችግሩ ያው መሣሪያ ለሌላም መዋሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 «ኮንሴፕት» የተባለ ቫይረስ በወርድ ማክሮ ተሰራጨ። በ1999 ደግሞ «ሜሊሳ» መጣ፤ ሰነዱን የከፈተ ሰው አድራሻ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ለመጀመሪያዎቹ 50 አድራሻዎች ራሱን በኢሜይል ይልክ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2022 ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ማክሮ እንዳያስኬድ በነባሪ ማገድ ጀመረ።

እዚህ ላይ ግን እኛን የሚመለከት ቀዳዳ አለ። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የወረደን ፋይል የሚያውቀው በማይታይ ምልክት ነው። ምልክቱ የሚቀመጠው ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዲስክ አሠራር ላይ ነው። አብዛኛው ፍላሽ ደግሞ ምልክቱን የማይዙት ፋት32 ወይም ኤክስፋት ነው። ስለዚህ ፋይሉ አንዴ በእንዲህ ዓይነት ፍላሽ ካለፈ ምልክቱ ይጠፋል። ወርድም «ይሄ ከኢንተርኔት አልመጣም» ብሎ፣ እገዳውን በሚያሳውቀው ቀይ መስመር ፋንታ ቁልፍ ያለውን ቢጫ መስመር ብቻ ያሳያል። በፍላሽ ለሚኖር ከተማ የ2022ቱ መከላከያ ብዙም አይደርስም። ጥንቃቄው የራሳችን ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን ይለዩ

ዊንዶውስ የፋይል ስም ቅጥያን ይደብቃል። ይግለጡት። ዊንዶውስ 10 ላይ ማህደር ከፍተው «ቪው» ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ዊንዶውስ 11 ላይ «ቪው»፣ ቀጥሎ «ሾው» ውስጥ ያገኙታል። አሁን ስሙ በምን እንደሚያልቅ ይታያል። «ዶክኤክስ» ከሆነ ሰነዱ ራሱ ማክሮ መያዝ አይችልም። «ዶክኤም» ከሆነ መያዝ ይችላል። የድሮው «ዶክ» ግን ይኑረው አይኑረው ከስሙ አይታወቅም፤ በእኛ አገር ቢሮዎች ደግሞ አሁንም በብዛት የሚገኘው እሱ ነው።

አጭሩ መንገድ፦ ዓይነቱን ቀይሮ ማስቀመጥ

ከአሥር ዘጠኙን ጊዜ ይሄ ይበቃል።

ፋይሉን ከፍላሹ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠው ቅጂውን ይክፈቱ። ወርድ «ኢኔብል ኤዲቲንግ» ካለ ይጫኑ፤ ይሄ ማረም ብቻ የሚፈቅድ ነው። «ኢኔብል ኮንቴንት» ካለ ይተዉት። ሁለቱን ማምታታት ነው ብዙውን ሰው የሚጥለው። ቀጥሎ «ፋይል» ከዚያ «ሴቭ አዝ» ይበሉና፣ ከዓይነቱ ዝርዝር ውስጥ ተራውን «ወርድ ዶክዩመንት» ይምረጡ። የማክሮ ስም የተጨመረበትን አይምረጡ። ወርድ የቪቢኤው ክፍል አብሮ እንደማይቀመጥ ያስጠነቅቃል። የምንፈልገውም እሱን ስለሆነ «የስ» ይበሉ።

አዲሱን ፋይል ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። ቢጫው መስመር ከሌለ ተገላገሉ። ከድሮው «ዶክ» የቀየሩት ከሆነ ግን የገጽ ቁጥሩንና ማውጫውን አንድ ጊዜ ይዩ። አንዳንዴ ገጽ ይገፋል፤ ለማሰሪያ ከመሄዱ በፊት ቢታይ ይሻላል።

አንዱን ማክሮ ብቻ ማጥፋት ሲፈለግ

አንዳንዱ ሰነድ የሚጠቅም ማክሮም አለው፤ ለምሳሌ የመሥሪያ ቤት ቅጽ። ያኔ ሁሉንም መጥረግ አይሆንም።

«አልት» እና «ኤፍ 8» አንድ ላይ ይጫኑ። የማክሮዎቹ ዝርዝር ይመጣል። ከታች «ማክሮስ ኢን» የሚለው ላይ የሰነዱን ስም ይምረጡ፤ ካልመረጡ የሌላውን ሊያጠፉ ይችላሉ። ከዚያ የማይፈልጉትን መርጠው «ዲሊት»።

ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ቢጫው መስመር ግን እየመጣ ከሆነ አይገረሙ። ሰነዱ ሲከፈት በራሳቸው የሚነሱ አንዳንድ ማክሮዎች በዚህ ዝርዝር አይታዩም። «አልት» እና «ኤፍ 11» ሲጫኑ የቪቢኤው መስኮት ይከፈታል። በግራ በኩል የሰነዱን ስም ይፈልጉ፤ ግራው ባዶ ከሆነ «ኮንትሮል» እና «አር» ያመጣዋል። ከስሙ ሥር «ሞጁልስ» ውስጥ ያለውን በቀኝ ክሊክ «ሪሙቭ» ይበሉት። ከመጥፋቱ በፊት ቅጂ ማስቀመጥ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ምንነቱን የማያውቁት ከሆነ «ኖ»። «ዚስ ዶክዩመንት» የሚለው ግን አይነቀልም። እሱን ሁለቴ ጠቅ አድርገው፣ ውስጡ ጽሑፍ ካለ በ«ኮንትሮል» እና «ኤ» ሁሉንም መርጠው ያጥፉና ሰነዱን ሴቭ ያድርጉ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ አይታገሉ፤ ወደ አጭሩ መንገድ ይመለሱ።

ማክሮው ሁሉም ሰነድ ላይ ከመጣ

አዲስ ባዶ ገጽ ሲከፍቱም ማክሮው ካለ፣ ያለው በሰነዱ ሳይሆን በወርዱ በራሱ ነው። ወርድ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚያነበው «ኖርማል» የሚባል አብነት፣ ማለትም የአዲስ ሰነድ መነሻ ፋይል፣ አለ። ወርድን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር»ን ተጭነው፣ «አፕዳታ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ (appdata)፣ ከፊትና ከኋላው የፐርሰንት ምልክት አድርገው ይጻፉ። በሚከፈተው ማህደር ውስጥ «ማይክሮሶፍት»፣ ከዚያ «ቴምፕሌትስ» ይግቡ። «ኖርማል»ን አያጥፉት፤ ስሙን ብቻ ይቀይሩት። ወርድ ሲከፈት አዲስ ንጹሕ «ኖርማል» ይሠራል። ራስዎ ያዘጋጇቸው ስታይሎችና አቋራጮች በድሮው ውስጥ ስለሚቀሩ ነው ስሙን ብቻ ቀይሩት ያልኩት።

እዚያው «ማይክሮሶፍት» ውስጥ «ወርድ»፣ ቀጥሎ «ስታርትአፕ» የሚል ማህደርም አለ። እዚህ ያለ አብነት ወርድ በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል። ወርድ ይህን ቦታ ስለሚያምነው ፈቃድም አይጠይቅም። የማያውቁትን ፋይል ወደ ሌላ ቦታ ያንሱት። ተማሪዎች ግን ልብ በሉ፤ ዞተሮ የተባለውን የማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ የእሱም አብነት እዚህ ነው የሚቀመጠው። እሱን ካነሳችሁ ማጣቀሻ የምታስገቡበት ረድፍ ከወርዱ ላይ ይጠፋል፤ መመረቂያ ሰሞን ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቅንብሩ

«ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ትረስት ሴንተር»፣ «ትረስት ሴንተር ሴቲንግስ»፣ «ማክሮ ሴቲንግስ»። አራት ምርጫ አለ። ለግል ኮምፒውተር ማክሮን አግዶ የሚያሳውቀው ይበቃል፤ በነባሪም የሚገኘው እሱ ነው። ለጽሑፍ ቤት ግን ሳያሳውቅ የሚያግደውን እመርጣለሁ። የሰው ፋይል አትሞ ለሚሸኝ ቤት የደንበኛ ማክሮ ምን ይሠራለታል? ቁልፏ ከሌለች ማንም በጥድፊያ አይጫናትም። ሁሉንም የሚፈቅደው አራተኛው ምርጫ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ካገኙ ዛሬውኑ ይቀይሩት።

ከዚህ በፊት «ኢኔብል ኮንቴንት» የተባለ ሰነድን ወርድ ያስታውሰዋል፤ ሁለተኛ አይጠይቅም። እዚያው «ትረስትድ ዶክዩመንትስ» ውስጥ «ክሊር» ሲሉ የተሰጠው ፈቃድ ሁሉ ይሰረዛል።

ቁልፏ ከተጫነች በኋላ ከጠረጠሩ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፣ በታደሰ አንቲቫይረስ ሙሉውን ይፈትሹ፣ የይለፍ ቃሎችዎን ከሌላ መሣሪያ ይቀይሩ። ፍላሽ ውስጥ ማህደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው በሽታ ግን ሌላ ነው። ማክሮ በማጥፋት አይድንም።

የራስዎን ማክሮ ለማቆየት

በቪቢኤው መስኮት ሞጁሉን በቀኝ ክሊክ «ኤክስፖርት ፋይል» ይበሉ። ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ ይወጣል፤ «ኖርማል» ቢበላሽ መልሶ በ«ኢምፖርት ፋይል» ይገባል። አንድ ነገር ግን አለ። የቪቢኤው መስኮት የግዕዝ ፊደል አይቀበልም፤ «።» ብለው ቢጽፉ የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። ስለዚህ ፊደሉ በዩኒኮድ ቁጥሩ (ለእያንዳንዱ ፊደል በተሰጠው የኮምፒውተር መለያ ቁጥር) ይጠራል፦ ሁለት ነጥብ 4961፣ አራት ነጥብ 4962 ነው።

በወርድ ፋንታ ሊብረኦፊስ የምትጠቀሙ «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴኩሪቲ» ውስጥ «ማክሮ ሴኩሪቲ» አለላችሁ። «ሃይ» ላይ ተቀምጦ ካገኛችሁት አትንኩት። ኮምፒውተር በአቅራቢያ ከሌለና ሰነዱ አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ ስልክ ላይ ባለው ወርድ ይክፈቱት፤ የስልኩ ወርድ ቪቢኤ ማክሮን አያስኬድም።