ለሰይፉም ለአስማቱም «+3»፦ ጌም ማስተሮች የሚሳሳቱበት ሒሳብ

ጌም ማስተር (የሚና ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ከሆናችሁ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ተዋጊው +3 ሰይፍ (ውርወራው ላይ 3 የሚደምርለት አስማታዊ ሰይፍ) አገኘ፤ አስማተኛዋ ደግሞ «የኔስ?» አለች። ብዙ ጌም ማስተር አስማቷ የሚያደርሰው ጉዳት ላይ 3 ይጨምርላትና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ምሳሌዎቼን በዳይስ ከሚጫወቱት የሚና ጨዋታዎች አንዱ ከሆነው ከዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም እወስዳለሁ፤ ሐሳቡ ግን ለሌሎቹም ይሆናል።

ትልቁ ስህተት ቁጥሩን አይቶ የት የት እንደሚደመር አለማየት ነው። ረጅም ሰይፍ የሚወረውረው ባለ 8 ገጽ ዳይስ ነው፤ አማካዩ 4.5። የተዋጊው ጉልበት 4 ሲጨምርለት 8.5 ይሆናል። ከመቶ ምቱ 60ው የሚያርፍ ከሆነ በአንድ ምት በአማካይ 5.1 ያደርሳል ማለት ነው (ክሪቲካሉን፣ ማለትም የጉዳት ዳይሱ የሚደገምበትን ልዩ ምት፣ ለጊዜው እንተወው)። አሁን +3ቱን ስጡት። ጉዳቱ 11.5 ይገባል፤ +3ቱ የምቱ ውርወራ (ምቱ ማረፉን የሚወስነው ዳይስ) ላይም ስለሚደመር፣ በባለ 20 ገጽ ዳይስ ደግሞ እያንዳንዷ +1 5 ከመቶ ስለሆነች፣ የማረፍ ዕድሉ 75 ከመቶ ይደርሳል። አማካዩ ከ5.1 ወደ 8.6 ገደማ ዘለለ፤ 70 ከመቶ የሚጠጋ ጭማሪ! በዚያ ላይ ተዋጊው ከ5ኛ ደረጃ ጀምሮ በተራው ሁለቴ፣ ከ11ኛ ጀምሮ ሦስቴ ይመታል። የአስማተኛዋ ፋየርቦልስ (ብዙ ጠላት በአንዴ የሚያቃጥለው የእሳት አስማት)? 8 ባለ 6 ገጽ ዳይስ፣ አማካይ 28። 3 ብትጨምሩበት 31። 11 ከመቶ እንኳ አልሞላም።

ይህን ያየ ሰው ወዲያው ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል፦ ጠላት አስማቷን ለመቋቋም በዳይስ ማምጣት ያለበትን ቁጥር ከፍ ማድረግ። እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው። ፋየርቦል ላይ ብቻ ስትሞክሩት ምንም አይመስልም፤ የተቋቋመውም ግማሹን ጉዳት ይወስዳልና፣ ግማሽ በግማሽ ዕድል ባለው ጠላት ላይ ቁጥሩን በ1 ብታሳድጉ አማካዩ ከ21 ወደ 21.7 ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «ምን ችግር አለው» ተብሎ +3 ይሰጣል። ከዚያ አስማተኛዋ ጠላትን የሚያደነዝዘውን አስማት ታወጣለች። እዚያ ግማሽ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ያዘ ወይ አልያዘም። የመያዝ ዕድሉ ከ50 ወደ 65 ከመቶ ወጣ፣ የደነዘዘውን ጠላት ደግሞ ጓደኞቿ ቀርበው ሲመቱት ያረፈው ምት ሁሉ ክሪቲካል ነው። ለሳምንታት ያዘጋጃችሁት ዋና ጠላት አንድም ነገር ሳያደርግ ይሞታል።

የአጻጻፍ ስህተትም አለ። «አስማትሽ ጉዳት ባደረሰ ቁጥር +3» ብላችሁ ከጻፋችሁ ማጂክ ሚሳይል የሚባለው አስማት በ1ኛ የአስማት ደረጃ ሦስት ፍላጻ አለው፣ አንዱም አይስትም። ሦስቱንም አንድ ጠላት ላይ ስታወርዳቸው 10.5 የነበረው አማካይ 19.5 ይሆናል። «በአንድ አስማት አንዴ፣ ለአንድ ዒላማ» ብላችሁ ቁርጡን ጻፉ።

ሌላው፣ ጉዳትን ሁልጊዜ በደረቅ ቁጥር መጨመር። የጩቤ አማካይ 2.5 ነው፣ የታላቁ ሰይፍ 7። ሁለቱም ላይ 5 ጨምሩ፤ 7.5 እና 12። ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ የነበረው ልዩነት ወደ 1.6 ወረደ፤ የመሣሪያ ምርጫ ጣዕሙን ያጣል። በደረቁ +3 ፈንታ አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ የእሳት ጉዳት ብትሰጡ እመርጣለሁ። አማካዩ 3.5 ነው፣ በክሪቲካል ዳይሱ ይደገማል፣ የማረፍ ዕድሉን አይነካም፣ እሳት የማይበግረው ጭራቅ ሲመጣም ተጫዋቹ ሌላ ዘዴ ያስባል።

በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የአምስተኛው እትም ሕግ ደግሞ ብዙ ጭራቆች አስማት የሌለበትን መሣሪያ ጉዳት በግማሽ ይቀንሱታል። እነሱ ላይ ሰይፉ «አስማታዊ» መባሉ ብቻ ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ +1ም ባይኖረው።

+3ቱ ከተሰጠ በኋላ የጭራቆቹን መከላከያ ቁጥር (ምቱ እንዲያርፍ ውርወራው ሊደርስበት የሚገባውን) ከፍ አድርጋችሁ ልታካክሱ አትሞክሩ። ባለ +3ው እንደ ድሮው ይመታል፤ የሚጎዱት ተራ ቀስት የያዘው ጓደኛውና በምት ውርወራ የሚሠራ አስማት ያላት ናቸው። ይልቅ የጠላቶቹን ቁጥር አብዙ፣ ተጠጋግተው እንዲቆሙም አድርጉ። ሰይፉ አንድ በአንድ ሲለቅም ፋየርቦሉ አምስቱን በአንዴ ያገኛል፣ ለአስማተኛዋም ምንም መጨመር ሳያስፈልጋችሁ ይቀራል።