ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የጋራዥ በር ከፍታ ስትወስኑ የሚሰሩ ስህተቶች

ቤት የሚሰራ ሰው ስለ በር ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ መልኩ ነው፣ ቡኒ ይሁን ግራጫ፣ አበባ ይግባበት አይግባበት፣ ላሜራው ስንት ነው ምናምን። ከፍታው ላይ ሲደርስ ግን "እንደ ጎረቤቴ አርግልኝ" ብሎ ያልፈዋል። ቀለሙ እኮ ነገ ይቀየራል፣ አበባውም ተቆርጦ ሌላ ይበየዳል፣ ከበሩ በላይ ያለው ቢም ግን አንዴ ፌሮ ታስሮ አርማታ ከተሞላ በኋላ በቃ እሱን ማንም አያነሳውም። ስለዚህ በተለይ ገና መሰረት ላይ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት "ፎቁ 3 ሜትር ነው፣ ምን ችግር አለው" ብሎ መረጋጋት ነው። ጂ ፕላስ ዋን ሰርቶ ምድር ላይ ጋራዥ የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው፣ ከአርማታ እስከ አርማታ 3 ሜትር ተብሎ ይታሰብና ሁሉም ሰው 3 ሜትር ቁመት ያለው በር ያለ ይመስለዋል። እስኪ አብረን እንቀንስ። ስላቡና ቢሙ አንድ ላይ 50 ሳንቲም ቢወስዱ 2 ሜትር ከ50 ቀረ። በሩ ሮሊንግ ሻተር (ወደ ላይ የሚጠቀለለው በር) ከሆነና ጥቅልሉ ከቢሙ ስር ከተሰቀለ ደግሞ 40 ሳንቲም ገደማ ይበላል፣ 2 ሜትር ከ10 ሆነ። ከዛ ወለሉ ገና ሻካራ ነበር፣ ሊሾው ወይ ሴራሚኩ ከነስሩ 10 ሳንቲም ከፍ ሲያረገው 2 ሜትር ላይ ቁጭ አለ። ጣራው ዝቅ ያለው ሃይሩፍ ያልሆነው አባዱላ ራሱ ወደ 1 ሜትር ከ98 ነው፣ ሁለት ሳንቲም ክፍተት ይዞ ማን ይነዳል? ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ወደ 2 ሜትር ከ10 ስለሆነ ጭራሽ አይገባም። እና ማንም አላጭበረበረም፣ ግንበኛውም ልክ ነው፣ ሻተር ሰሪውም ልክ ነው፣ ሰራሚክ ያነጠፈውም ልክ ነው፣ ችግሩ ሶስቱን የደመረ ሰው አለመኖሩ ነው።

መፍትሄው አስቸጋሪ አይደለም ግን ቀድሞ መታሰብ አለበት። ሻተር የምትፈልጉ ከሆነ ጥቅልሉ ከቢሙ ስር ሳይሆን ከቢሙ ጀርባ ወደ ውስጥ እንዲሰቀል ንገሩ፣ ያኔ የበሩን ቁመት አይነካም። ወይ ደግሞ የምድሩን ፎቅ ብቻ 3 ሜትር ከ40 አርጉት። ሁለቱም ካልሆነ ሁለት ተካፋች የብረት በር ከላይ ምንም ቦታ አይወስድም፣ ለብዙ ቤት እሱ ይበቃል።

ሌላው ከዩቲዩብና ከውጭ አገር ፕላን ቁጥር ማምጣት ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የጋራዥ በር 7 ጫማ ነው፣ ማለትም 2 ሜትር ከ13፣ እነሱም ራሳቸው መኪናው ሲያድግባቸው 8 ጫማ ማለትም 2 ሜትር ከ44 እያሉ መጥተዋል። አርክቴክቱ 2.13 ብሎ ከሰጣችሁ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት።

ዛሬ ባላችሁ መኪና ብቻ መለካትም ያው ነው። ኮሮላ ወይ ቪትዝ ከሆነ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ሃይሉክስ ወደ 1 ሜትር ከ80፣ ፕራዶ ወደ 1 ሜትር ከ90፣ ሃይሩፍ አባዱላ 2 ሜትር ከ28 አካባቢ ይደርሳል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ሰዉ ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ነው፣ እነሱ ደግሞ አብዛኞቹ ዝቅ ያሉ ናቸውና "ከእንግዲህ አጭር በር ይበቃል" የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ቤቱ ግን ከመኪናው በላይ ይቆያል፣ ልጆቻችሁ ምን እንደሚነዱ አታውቁም፣ ደግሞ ወሎ ቤት እንግዳ አይጠፋም፣ ለአረፋም ለገናም ከአዲስ አበባ ፖርቶመጋላው ላይ ሻንጣ ከምሮ የሚመጣ ዘመድ አለ፣ መኪናውን ውጪ አሳድሩት ልትሉት ነው? ባዶው ፖርቶመጋላ ራሱ 10 ምናምን ሳንቲም ይጨምራል። ስትለኩ መኪናው ባዶ ሆኖ ለኩት፣ ጭነት ሲወርድለት ከፍ ስለሚል። ከረጅሙ መኪና በላይ 20 ሳንቲም ተዉ። በኔ አስተያየት ለመኖሪያ ቤት ሁሉ ነገር አልቆ የተጣራ 2 ሜትር ከ50 ጥሩ ነው፣ ከ2 ሜትር ከ40 በታች ግን አትውረዱ። አይሱዙ ወይ ኮስተር የሚያሳድር ሰው፣ ኮምቦልቻ ላይ ይሄ ብዙ ነው፣ ከ3 ሜትር በላይ ያስብ።

አሁን ደሴን ደሴ ወደሚያረገው ነገር ልምጣ፣ ዳገቱ። ከጦሳ ግርጌ እስከ አዝዋ ገደል ዳር ድረስ ሜዳ ላይ ያረፈ ጋራዥ ማግኘት ይከብዳል፣ ወይ ከመንገድ ወርደህ ትገባለህ ወይ ወጥተህ። ወርደው የሚገቡበት ላይ የሚረሳው ነገር ይሄ ነው፦ የፊት ጎማ ሜዳው ላይ ደርሶ የኋላው ገና ቁልቁለቱ ላይ ሲሆን መኪናው በሁለቱ መሀል እንደ ድልድይ ይንጠለጠላል፣ እና ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ቦታ በትክክል ከቢሙ ስር ከሆነ የመኪናው ጣራ እዛ ጋ ከተለመደው በላይ ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው። በሁለቱ ጎማ መሀል 2 ሜትር ከ60 ያለው መኪና፣ በየ100 ሳንቲሙ 15 ሳንቲም በሚወርድ ቁልቁለት ላይ፣ ወደ 10 ሳንቲም ከፍ ይላል። ስለዚህ በሜትር የለካችሁት 2 ሜትር ከ20 በተግባር 2 ሜትር ከ10 ነው ማለት ነው። ቁልቁለቱ በሩ ጋ ሳይደርስ ቢያንስ የአንድ መኪና ርዝመት ያህል ቀደም ብሎ እንዲያልቅ ማረግ ይሻላል፣ ቦታ ከሌለ ግን ቢሙን ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ከፍ አርጉት። ወጥተው ለሚገቡት ደግሞ ጣራው ሳይሆን ሆዱ ነው የሚያሰጋው፣ በተለይ የኤሌክትሪኮቹ ባትሪያቸው ከስር ስለሆነ ጫፉ ላይ ድንገት የሚሰበር ዳገት አይመቻቸውም፣ ጫፉን አለስልሱት።

ከዳገት ጋር የሚመጣ ሌላም አለ። ግቢው ወደ ውስጥ እየወጣ የሚሄድ ከሆነና በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ተካፋች ከሆነ የበሩ ጫፍ መሬት ይነካል። አንዱ ተካፋች 1 ሜትር ከ75 ቢሆንና መሬቱ በየሜትሩ 10 ሳንቲም ቢወጣ፣ በሩ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት ከስሩ ወደ 18 ሳንቲም ክፍት መተው ሊኖርባችሁ ነው። በያጁ ይሄን የሚያውቀው በሩን ሰቅሎ ሲከፍተው ነው፣ ከዛ ከስር ይቆርጠዋል፣ እና ክረምት ላይ ጎርፉ፣ ማታ ውሻው በዛ ይገባል። እንዲህ ያለ ግቢ ካላችሁ ወይ ስላይዲንግ (ወደ ጎን የሚንሸራተት) አርጉት፣ ወይ ከበሩ ኋላ ያለውን ሁለት ሜትር ሜዳ አስደርጉ። ወደ ውጪ ይከፈት የሚለውን አልመክርም፣ መንገደኛ አለ፣ ልጆች አሉ።

በጣም ማስረዘምም ስህተት ነው። አርኤችኤስ (ለፍሬም የሚሆነው ባለአራት ማዕዘን ቱቦ ብረት) በ6 ሜትር ስለሚመጣ አንዳንዱ በያጅ "ጋሼ 3 ሜትር እናርገው፣ ብረቱ ለሁለት ተከፍሎ ምንም አይተርፍም" ይላል፣ ለብረቱ ትክክል ነው ለበሩ ግን ሁልጊዜ አይደለም። 1.5 ሚሊ ላሜራ ካሬው ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል፣ 4 ሜትር ስፋት ያለው በር ከ2 ሜትር ከ50 ወደ 3 ሜትር ሲያድግ ላሜራው ብቻ 24 ኪሎ ጨመረ፣ ፍሬሙ ሳይቆጠር። ይሄ ሁሉ ማጠፊያው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ቆይቶ በሩ ያዘነብላል፣ መቀርቀሪያው አይገጥምም፣ እናቶች ትከሻቸውን አስደግፈው እየገፉ ይከፍታሉ። ካስረዘማችሁ ማጠፊያው ሶስት ይሁን፣ ኩሽኔታ ያለው።

የግቢ በር ላይ ለጌጥ ተብሎ ከላይ ቢም ማሻገርም አይመቸኝም። ከላይ ክፍት ከሆነ ስለ ከፍታ ማሰብ ራሱ አያስፈልግም፣ አሸዋ የጫነም፣ ሮቶ የጫነም፣ የሰርግ ድንኳን ብረት የጫነም ይገባል።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሜዳ ስለሆነ ዳገቱ አያሳስባችሁም ግን ውሃ የሚተኛበት ሰፈር ላይ ግቢው እየቆየ በጠጠርና በገረጋንቲ ይሞላል፣ ኮብልስቶንም ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ይላል፣ በየጊዜው 15 ወይ 20 ሳንቲም ከበሩ ቁመት ይቀነሳል። ከመጀመሪያው ግቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ይሄን በቁመቱ ላይ ጨምራችሁ ወስኑ።

ቢሙ ከመሞላቱ በፊት አንድ ነገር አርጉ። ወለሉ ሲያልቅ የሚደርስበትን ከፍታ ግድግዳው ላይ በውሃ ልክ ምልክት አርጉ፣ ከዛ ምልክት ተነስታችሁ በምትፈልጉት ከፍታ ላይ ሲባጎ ወጥሩ፣ ከዘመድም ከጎረቤትም ረጅም መኪና ለምናችሁ በስሩ አሳልፉት፣ መሬቱ ገና ዝቅ ያለ ከሆነ ልዩነቱን ቀንሱ። ከበያጁ ጋር ስትዋዋሉም "2.50" ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፣ "ወለሉ ካለቀ በኋላ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ከወለሉ ተነስቶ ከላይ በጣም ዝቅ ብሎ እስካለው ብረት ድረስ 2 ሜትር ከ50 ክፍት" ብላችሁ ጻፉ።