ላም ለማየት ነዳጅ ማቃጠል፦ ልጆችንና አያትን ይዞ እርሻ ፓርክ እንዴት ይዋላል?

እናቴ ከመጣች ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። "ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን በግና ላም ልናይ ነው" አልኳት። የቡና ሲኒዋን አስቀመጠች። "አሜሪካ ድረስ የጠራኸኝ ላም ልታሳየኝ ነው?" አለች። "ለዚያውም ነዳጅ አቃጥለህ?"

እውነቷን ነው። ደብረ ብርሃን አጠገብ በግ እየጠበቀች ያደገች ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ከሁላችንም በላይ የተደሰተችው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አራት አምስት ጊዜ ሄደናል፤ ሁለቱን ጊዜ እኔው አበላሽቼዋለሁ። ከተበላሸውም ከተሳካውም የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

የምንሄድበት ቦታ ፍራይንግ ፓን ፋርም ፓርክ ይባላል። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ሄርንደን ውስጥ ነው፣ ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ብዙም አይርቅም። ዘመድ ልትቀበሉ ስትመላለሱ በአጠገቡ ሳታልፉ አትቀሩም። የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርክ ነው። ውስጡ ያለው ኪድዌል የሚባለው እርሻ ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ የአካባቢው ገበሬ እንዴት ይኖር እንደነበር እንዲያሳይ ተብሎ የተያዘ ነው። ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ አሳማ፣ ዶሮ፣ ፈረስ አለ። ካሩሰል አለ፤ እነዚያ ዙሪያውን የሚሽከረከሩት ፈረሶች ማለቴ ነው። በትራክተር የሚጎተት ጋሪም አለ። መግቢያው ነጻ ነው። የሚከፈለው ለካሩሰሉና ለጋሪው ነው። ፍራይንግ ፓን መጥበሻ ማለት መሆኑን ለእናቴ ስነግራት "ላሞቹ ይህን ያውቃሉ?" አለች።

አንደኛ፦ ቀኑን መምረጥ

ምርጡ ጊዜ ጸደይ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በጎቹና ፍየሎቹ ይወልዳሉ፣ ግቢው በግልገል ይሞላል። ችግሩ ጊዜው ሁዳዴ መሆኑ ነው። የምትጾሙ ሰዎች ስትሄዱ የጾም ምግብ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ አካባቢ ፈልጋችሁ የምታገኙት የድንች ጥብስ ብቻ ሊሆን ይችላል። አያት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ከሆነ ደግሞ ጥላ ያለው መቀመጫ አስቀድማችሁ አስቡላት።

ካሩሰሉና ጋሪው በየወቅቱና በአየሩ ሁኔታ ነው የሚሠሩት። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ እዩ፣ ወይም ደውሉ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላይ ሄጄ፣ ልጄን "ፈረሱ ዛሬ ተኝቷል" ብዬ ለማሳመን ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

ሁለተኛ፦ የሚያዘው ነገር

ነጭ ልብስ አታልብሱ። ጫማ የሚታጠብ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቅያሪ ሱሪና ካልሲ፣ ውሃ፣ ሁለት ባዶ ፌስታል ያዙ፤ ፌስታሉ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታያላችሁ። ለምሳ እኛ የሽሮ ፍርፍርና ቆሎ ነው የምንይዘው። ጥቅል እንጀራ በወጥ ይዛችሁ ከሆነ በደንብ ዝጉት፤ የበርበሬው ዘይት አንዴ የመኪና ወንበር ላይ ከፈሰሰ ለዘላለም ነው።

ሦስተኛ፦ መንገዱ

በ66 አውራ ጎዳና የምትመጡ ከሆነ፣ ከቤልትዌይ (ዋሽንግተንን ከሚዞረው አውራ ጎዳና) ውጪ ያለው ኤክስፕረስ የሚባለው የክፍያ መስመር ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ለያዘ መኪና ነጻ ነው። ካርሲት ላይ ያለ ሕፃንም ሰው ተብሎ ይቆጠራል። ግን ኢዚ ፓስ ፍሌክስ የሚባለው መኪና ላይ የሚደረግ የመንገድ ክፍያ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ማብሪያውም ወደ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የያዘ መኪና ማለት ነው) መዞር አለበት። ሳይዞር ከገባችሁ ነጻ የነበረው ጉዞ ሂሳብ ይመጣበታል። ይህን የማውቀው ከፍዬ ነው።

በሐበሻ 4 ሰዓት፣ በፈረንጅ 10 ላይ ብትደርሱ ጥሩ ነው። ያኔ እንስሳቱም ልጆቹም ንቁ ናቸው።

አራተኛ፦ መጀመሪያ እንስሳቱ፣ ጨዋታው ኋላ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የመጀመሪያ ጊዜ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ገና እንደገባን ልጄ ካሩሰሉን አየ፣ እኔም "እሺ፣ አንድ ዙር" አልኩ። አንዱ ሦስት ሆነ። ከዚያ በኋላ ላም ቢሏት፣ በግ ቢሏት፣ የሚሽከረከር ነገር ካየ ልጅ ጋር ምን ትወዳደራለች? ቆማ ከማመንዠክ ሌላ የምታሳየው የላትም። ስለዚህ ከመኪና ሳትወርዱ ተስማሙ፦ እንስሳቱ፣ እጅ መታጠብ፣ ምሳ፣ ከዚያ ፈረሱ።

እንስሳቱ ጋ ስትደርሱ አያትን ወደፊት አስቀድሟት። የሰባት ዓመቱ ልጄ "ትንሽ ላም!" ሲል እናቴ "ጥጃ ነው የሚባለው" አለችው። ከዚያ ጎርፉ መጣ። የበግና የፍየል ልጅ ግልገል፣ የዶሮ ጫጩት፣ የአህያ ውርንጭላ። ወንዱ በግ ትንሽ ሲያድግ ጠቦት፣ ፍየሉ ወጠጤ፣ ተቀጥቅጦ ሲሰባ ሙክት። እኔ ቤት ውስጥ በካርድ ሁለት ዓመት ያላስተማርኩትን አማርኛ በሃያ ደቂቃ አጥር ሥር አስተማረችው። ከቤት ስትወጡ ለልጆቹ አንድ ሥራ ስጧቸው፦ እያንዳንዱ እንስሳ ልጁ ምን እንደሚባል አያትን ጠይቆ ማምጣት። አያት ከሌለች አጎትም ይሆናል፣ ገጠር ያደገ ይሁን እንጂ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እናቴ አንዱን በግ አጥሩ ላይ ተጠግቶ ስታገኘው እጇን ሰደድ አድርጋ ወገቡን ዳበሰችው። የገበያ ዳበሳ ነው፤ ጣቷን አከርካሪው ግራና ቀኝ ላይ አሳርፋ ሥጋውን መዘነች። ከዚያ እንደ መርካት ብላ "ይሄማ ለፋሲካ ነው" አለች። የአራት ዓመት ልጄ ፊቷ ተለዋወጠ። "አያቴ ልትበላው ነው?" ብላ ጮኸች። በአማርኛ መሆኑ በጀን፣ ዙሪያችን የነበሩት ፈረንጆች ፈገግ ብለው አለፉ። ስለዚህ አያትን ቀድማችሁ ምከሯት፦ ልጆቹ ፊት የፋሲካ ወሬ የለም።

አሳማዎቹ ጋ እናቴ ራቅ ብላ ቆማ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ልጆቹ ግን ከሁሉ በላይ የወደዱት የአሳማ ግልገሎቹን ነው። አልተከራከርናቸውም። እሷም በመጨረሻ "ለመታየትስ ያምራሉ" አለች።

የራሳችሁን ምግብ ለእንስሳቱ አትስጡ። እንጀራም ቢሆን።

አምስተኛ፦ እጅ በሳሙና

ይህን እንደ ቀልድ አትለፉት። ጤነኛ የሚመስሉ ላም፣ በግና ፍየል ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ደግሞ ክፉኛ ያማል። ሳኒታይዘር ጭቃና እበት በነካ እጅ ላይ እንደ ሳሙናና ውሃ አይሆንም። ልጁ እንስሳውን ባይነካም አጥሩን ነክቷል። ጡጦም ሆነ ቆሎ ወደ አፍ የሚገባው ከታጠቡ በኋላ ነው። አብራችሁ እርጉዝ ሴት ካለች፣ ገና ከወለዱ በጎችና ከግልገሎቻቸው ራቅ ትበል።

ከዚያ ምሳ ነው። ብሉ፣ ዘና በሉ።

ስድስተኛ፦ ካሩሰሉና ጋሪው

የዙሩን ቁጥር ከመሰለፋችሁ በፊት ተናገሩ። እኔ ቲኬቱን ለልጆቹ በእጃቸው እሰጣለሁ። ሁለት ቲኬት የያዘ ልጅ ሁለት ዙር እንዳለው ያውቃል፤ ሲያልቅ የጨረሰው እሱ ነው፣ የከለከልኩት እኔ አይደለሁም። ከሞከርኳቸው ዘዴዎች ሁሉ ለቅሶ የቀነሰልኝ ይህ ነው።

ፈሪ ልጅ ካላችሁ በጋሪው ጀምሩ። ቀስ ይላል፣ አጠገቧ መቀመጥ ትችላላችሁ። ትንሿ ልጄ ከጋሪው በኋላ ነው ለካሩሰሉ የደፈረችው። እናቴ ፈረሶቹን እየዞረች መረመረቻቸው። "ይሄ ዳማ ነው፣ ያ አምባላይ፣ ወዲያ ያለው ቡላ" አለች። ልጄ ዳማው ላይ ካልሆነ አልወጣም አለች። ተራ ጠብቀን ዳማው ላይ አወጣናት።

ሰባተኛ፦ ስትመለሱ

ከመውጣታችሁ በፊት ላም የሚታለብበትን ሰዓት ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ ከሆነና ልጆቹ ካልደከሙ ቆዩለት። እናቴ እስከ መጨረሻው እጇን አጣምራ ቆማ አየች። "ጥጃዋ የት አለች?" አለችኝ። የሐበሻ ላም ጥጃዋ ቀድማ ካልጠባች ወተቷን ትይዛለች። የፈረንጅ ላም ግን ብዙ ትውልድ ለወተት ብቻ ተመርጣ የተዳቀለች ስለሆነች ጥጃ ባይኖርም ትለቃለች። ይህን ሳስረዳት አላመነችኝም። ላሟን ትክ ብላ አየቻትና "ምስኪን" አለች።

አሁን ፌስታሎቹን አውጡ። መኪና ከመግባታችሁ በፊት የሁሉንም ጫማ አስወልቁ፣ በፌስታል አስሩ፣ ከኋላ አስቀምጡ። መስኮት ዘግታችሁ አርባ ደቂቃ ስትነዱ ለምን እንዳልኳችሁ ይገባችኋል። ልጆቹ እሺ ብለው አወለቁ። እናቴ ግን አሻፈረኝ አለች። "ይሄ እበት ነው" አለች፣ ጫማዋን አንስታ እያሳየችኝ። "እበት ደግሞ ምኑ ይሸታል?"