ጃቫ ላይ ሌላ ቋንቋ ስትጨምሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ኮትሊን፣ ስካላ፣ ግሩቪና ክሎጀር የሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች የየራሳቸው ኮምፓይለር (ኮዱን የሚተረጉም ፕሮግራም) አላቸው። በመጨረሻ የሚያወጡት ግን ያንኑ የጃቫ ባይትኮድ፣ ማለትም ጃቫ የሚያሠራውን የተተረጎመ ኮድ ነው። ስለዚህ የጃቫን ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ) እንደ ራሳቸው ይጠቀሙበታል። ጣጣው የሚጀምረው ይህን መግባባት አለቅጥ ስናምነው ነው።

«ኮትሊን ካለ ነል (ባዶ እሴት) የለም» ማለት። እኔንም ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። የኮትሊን ኮምፓይለር ነል ሊሆን የሚችለውን ከማይችለው ይለያል፤ ግን በኮትሊን በተጻፈው ኮድ ውስጥ ነው። ከጃቫ የመጣው እሴት ነል መሆን አለመሆኑን የሚናገር ምልክት ከሌለበት ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። የደንበኞች መመዝገቢያ እየሠራሁ ሳለ የአያት ስማቸውን ያልሞሉ ሰዎች መጡ። ያው የድሮው ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን፣ ባዶውን እሴት እንዳለ አድርገን ስንጠቀምበት የሚመጣው ስህተት! ግማሽ ቀን የራሴን ኮድ ሳገላብጥ ዋልኩ፤ ነሉ የገባው ግን ከጃቫው ላይብረሪ ነበር። ከጃቫ የሚመጣውን ሁሉ የጥያቄ ምልክት ባለው ዓይነት (ነል ሊሆን ይችላል በሚለው) ተቀበሉና እዚያው በሩ ላይ ፈትሹት። የጃቫው ኮድ የራሳችሁ ከሆነ ደግሞ ነላብል (ነል ሊሆን ይችላል) እና ኖት ነል (ነል አይሆንም) የሚሉትን ምልክቶች ማለትም አኖቴሽኖች ጻፉበት፤ የኮትሊን ኮምፓይለር ያነባቸዋል።

የስሪት ቁጥርን መርሳት። ለጃቫ 17 ኮምፓይል የተደረገ የክላስ ፋይል (የባይትኮዱ ፋይል) የስሪት ቁጥሩ 61 ነው። ጃቫ 8 የሚያነበው እስከ 52 ብቻ ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ እሺ ያለው ሰርቨሩ ላይ እምቢ ይላል። በአንድ ፕሮጀክት የጃቫው ኮምፓይለር ለ17፣ የኮትሊኑ ለ8 ተስተካክሎም አይቻለሁ። ሁለቱን አንድ አድርጉ።

ስካላ ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ። ለ2.12 የተዘጋጀ ላይብረሪ ከ2.13 ጋር አይሄድም። ቁጥሩ የላይብረሪው ስም መጨረሻ ላይ ተጽፏል፤ እሱን ማየት ነው።

ስም አይቶ መግዛት። ጃይተን ፓይተንን ጃቫ ላይ ያሠራል፤ የፓይተን 2.7ን ግን። ፓይተን 2 ድጋፉ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2020 መባቻ ነው። ነምፓይን (የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) የመሳሰሉ በሲ ቋንቋ የተጻፉ ላይብረሪዎችም አይሠሩበትም።

የጃቫን ፋይል በአንድ ክሊክ ወደ ኮትሊን ገልብጦ ጨረስኩ ማለት። መገልበጫው ያልገባው ቦታ ላይ ድርብ ቃለ አጋኖ (!!) ጥሎ ያልፋል። ትርጉሙ «ይህ ነል አይሆንም፤ ዋሱ እኔ ነኝ» ነው። ዋሱ እናንተ ናችሁ እንጂ መገልበጫው አይደለም፤ አንድ በአንድ እየፈለጋችሁ አውጧቸው።