ከጎርፍ በኋላ በቀበሌ ደረጃ የሚፈጸሙና ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በነሐሴ የርብና የጉማራ ወንዞች ከመፍሰሻቸው ሲወጡ፣ የጣና ሐይቅ ውኃም ከፍ ብሎ መውረጃ ሲያሳጣቸው፣ የፎገራ ሜዳ ለሳምንታት ሐይቅ ይመስላል። በናበጋ፣ በሺና፣ በዋገጠራና በአጎራባች ቀበሌዎች የሚኖረው ገበሬ ሙላቱን ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ደለሉ መሬቱን እንደሚያደልበውም ያውቃል፤ ሩዝ ሜዳውን የወረሰውም ውኃ የሚተኛበት መሬት ስለሚስማማው ነው። መከራው የሚመጣው ሙላቱ ልክ ሲያልፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደምቢያ ወረዳዎች ተጥለቀለቁ፤ በዚያው ክረምት በድሬዳዋ የደቻቱ ደራሽ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ፣ በደቡብ ኦሞ ዳሰነች ደግሞ የኦሞ ወንዝ ሙላት ከ300 በላይ ሰዎችን ነጥቆናል።

ሰውን ከውኃ የማውጣቱ ሥራ የቀናት ሥራ ነው። የተረፈው ቤተሰብ ዳግመኛ በራሱ እህል መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት የቀበሌው አስተዳደር፣ የቀበሌው ምክር ቤትና ጎረቤቱ የሚሠሩት ሥራ ነው። በእነዚህ ወራት የሚፈጸሙት ስህተቶች በአብዛኛው ከክፋት የሚመነጩ አይደሉም፤ እኔ እንዳየሁት ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ሥር አላቸው፤ ሥራው የእርዳታ መኪና በሚመጣበት ቀን ይቆጠራል፣ የገበሬው ወቅት ግን ማንንም ሳይጠብቅ ያልፋል።

የተጎጂዎችን መዝገብ ከግብር መዝገብ መገልበጥ

ወረዳው «የተጎጂዎችን ዝርዝር በሁለት ቀን አድርሱ» ሲል፣ በቀበሌው ሥራ አስኪያጅ እጅ ያለው ዝግጁ ሰነድ የመሬት ግብር መዝገብ ነው። ከዚያ ተገልብጦ የሚዘጋጅ ዝርዝር ንጹሕ ይመስላል፣ ቶሎም ይደመራል፤ የሚያስቀራቸው ሰዎች ግን ጎርፉ ከሁሉ የባሰ የጎዳቸውን ነው። በእኩል የሚያርሰው መሬት አልባ ወጣት ከሰጠመው ምርት ግማሹ የእሱ ነበር፤ መሬቱ በስሙ ስላልሆነ ግን መዝገቡ አያውቀውም። ከወላጆቹ ግቢ ጎጆ የወጣ አዲስ ትዳር በአባቱ ስም ተጠቃልሎ እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራል። በከተማ ቀበሌዎች ደግሞ ቤቱ የአከራዩ፣ የተወሰደው ዕቃ የተከራዩ ሆኖ ሳለ፣ የእርዳታ ካርዱ ለአከራዩ ይሰጣል።

አንድ ቀበሌ ውስጥ ዝርዝሩ በዋርካ ሥር ሲነበብ ተገኝቼ ነበር። ንባቡ ሲያበቃ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የደረቀበት አንድ ወጣት ተነሥቶ «ስሜ የለም፤ ቤቴ ግን ነበር» አለና ተቀመጠ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ቤቱን ያውቁት ስለነበር የተከራከረው አልነበረም፤ ስሙም እዚያው ተጻፈ። ዝርዝሩ በቢሮ በር ላይ ተለጥፎ ብቻ ቢቀር ኖሮ፣ ማንበብ የማይችለው ይህ ልጅ ቅሬታውን ይዞ ዓመት ሙሉ በዞረ ነበር።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የግብር መዝገቡን በጤና ኬላው ካለው የቤተሰብ ማህደርና ከእድሩ መዝገብ ጋር ማመሳከር በቂ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነፍሰ ጡሯንም፣ አራሷንም፣ አልጋ ላይ የዋሉትን አዛውንትም በስም ታውቃለች፤ በመዝገቡ ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ ያለባትም ስለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ከቅዳሴ መልስ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላም በመስጊድ ደጃፍ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የሴፍቲኔት ፕሮግራም በቀበሌ ደረጃ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ያደርጋልና፣ ይህ አሠራር ባለባቸው ቀበሌዎች አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ መዝገቡን ያዘጋጀው ሰው ራሱ ቅሬታ ሰሚ ሆኖ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ ብቻ ይበቃል።

እህሉን አድርሶ ዘሩን ማዘግየት

ከሁሉም ስህተቶች ዋጋው የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። በአገራችን የተለመደው የአንድ ሰው የወር ራሽን 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ይህ ራሽን ነፍስ ያቆያል፤ የቀጣዩን ዓመት ጎተራ የሚሞላው ግን ማሳው ነው፤ ማሳው ደግሞ ቀን አለው።

በፎገራና በደምቢያ ውኃው ከሸሸ በኋላ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ጊዜው በመስከረም ተጀምሮ በጥቅምት የሚያልቅ አጭር ወቅት ነው፤ ጥቁሩ አፈር ደርቆ መሰንጠቅ ከጀመረ ዘሩ አይበቅልም። በኅዳር የሚደርስ የሽምብራ ዘር ንፍሮ ይሆናል እንጂ ሰብል አይሆንም፤ ገበሬው ዘሩን በላው ተብሎ ሲወቀስም ሰምቻለሁ፤ ዘሩ የደረሰው መዝራት ካበቃ በኋላ ስለነበር ግን ወቀሳው ተገቢ አልነበረም። ስለዚህ የቀበሌው ምክር ቤት የዘር ጥያቄውን ከእህሉ ጥያቄ ጋር በአንድ ደብዳቤ፣ ውኃው ገና ማሳው ላይ ተኝቶ ሳለ በነሐሴ መላክ አለበት። ዘሩ ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እስኪመጣ የሚዘገይ ከሆነ፣ ጎርፍ ካልነካቸው የደጋ ቀበሌዎች ገበሬዎች በምርት የሚመለስ የዘር ብድር ማፈላለግ ይቻላል፤ ይህን ለማደራደር የልማት ሠራተኛውና የአገር ሽማግሌዎች በቂ ናቸው።

የሩዙን ማሳም ሳያዩ «ጠፍቷል» ብሎ መመዝገብ አይገባም። ሩዝ እግሩ ውኃ ውስጥ መቆሙን ይወዳል፤ ከነጫፉ ሰጥሞ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን አብዛኛው ዝርያ አይተርፍም። የልማት ሠራተኛው ማሳ በማሳ ዞሮ ከነጫፉ የሰጠመውንና የሰጠመበትን ቀን ብዛት ቢመዘግብ፣ ዘር ለማን በቅድሚያ እንደሚሰጥ መዝገቡ ራሱ ይናገራል።

ስለ ጓያ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሌላው ሰብል በጠፋበት ዓመት ጓያ ይተርፋል፤ ስለዚህም ችግር ያለበት ቤት ወደ ጓያ ያዘነብላል። በወጥ መልክ፣ ከሌላ እህል ጋር ሲበላ የኖረ ምግብ ነው፤ ለወራት ዋናው ቀለብ ሲሆን ግን እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ጉዳቱም አይድንም። በተለይ ወጣቶች ላይ ይበረታል። ዘሩን የሚያድለው ባለሙያ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆኖ፣ ጓያው ከእህል ጋር ተቀላቅሎ እንዲበላ፣ ከመቀቀሉ በፊት ተዘፍዝፎ ውኃው እንዲደፋ በዚያው ቀን ማስረዳት አለበት። ከጓያ ሌላ እህል የሌለው ቤት በዚያው ስለሚለይ፣ ራሽኑ ሲቋረጥ የሚጎዳው ቤተሰብ የትኛው እንደሆነም ይታወቃል።

የጎተራውን ሥር ሳያዩ «እህሉ ተርፏል» ብሎ መጻፍ

አንዲት እናት ጎተራቸውን ከግርጌው ቀድደው አሳይተውኛል። ከላይ ያለው ሩዝ ደረቅና ንጹሕ ነበር። ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ሲገባ እህሉ እንደ ትኩስ ቂጣ ይሞቅ ነበር፤ ከሥሩ የወጣው ደግሞ ጠቁሮና እርስ በርሱ ተጣብቆ ሽታው ዓይን ያስነባል። «ልጄ፣ መዝጋቢዎቹ ከላይ አይተው ተርፏል ብለው ጻፉ» አሉኝ፤ በዚህ ምክንያት ከወሩ ራሽን ወጥተው ነበር። ውኃ የነካው ጎተራ ከታች መታየት አለበት። የሻገተው እህል ተለይቶ መጣል አለበት፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመቀቀል አይጠፋምና ለከብትም፣ ለጠላም ሊውል አይገባም።

የጉድጓዱን ውኃ በመልኩ መመዘን

ጎርፍ ያለፈበት የእጅ ፓምፕ ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩልል ያለ ውኃ ይሰጣል፤ ሰዉም «ጠርቷል» ብሎ ይጠጣል። ሽንት ቤቱና የከብት በረቱ በአንድ ውኃ ውስጥ ሰንብተው፣ ያ ውኃ ወደ ጉድጓዱ መግባቱ ግን በመልኩ አይታይም። በ1998 ዓ.ም. የጎርፍ ክረምት አገራችን በአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወረርሽኝም የተጨነቀችበት ነበር። የጉድጓዱ ውኃ ተቀድቶ መደፋት፣ በክሎሪን መታከምና በወረዳው የውኃ ባለሙያ መመርመር አለበት፤ ይህ እስኪሆን ድረስ በፓምፑ ላይ ቀይ ጨርቅ ማሰርና ለእያንዳንዱ ቤት እንደ ውኃ አጋር ያለ የማከሚያ መድኃኒት ከነአጠቃቀሙ ማደል ያስፈልጋል። ማገዶ ረጥቦ ባለበት ወቅት «አፍልታችሁ ጠጡ» ብሎ መሄድ ምክር አይባልም። በመጠለያ ላለ ሰው በሰብዓዊ እርዳታ መለኪያ በቀን የሚያስፈልገው 15 ሊትር ነው፤ አንድ ቢጫ ጀሪካን ለሦስትና ለአራት ሰው ሲካፈል ካያችሁ፣ ሰዉ ከየት እየቀዳ ጉድለቱን እንደሚሞላ ጠይቁ።

አጎበርም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። የወባ ወቅት ከመስከረም ጀምሮ ይበረታልና፣ አጎበሩ በጎርፍ የተወሰደበት ቤት ከምግቡ መዝገብ ጎን ይመዝገብ።

ትምህርት ቤቱን መጠለያ አድርጎ ማሰንበት፣ ከዚያም ሰዉን በችኮላ ማስወጣት

ክረምት ትምህርት ቤት ባዶ ስለሆነ ለመጠለያነት መመረጡ ተፈጥሯዊ ነው። ስህተቱ የመውጫው ቀን አስቀድሞ አለመታሰቡ ነው። መስከረም ሲደርስ ርእሰ መምህሩ ክፍሎቹን ይጠይቃል፣ ሰዉም በሁለት ቀን ማስጠንቀቂያ ጭቃው ወዳልደረቀ ቤት ይመለሳል። ምርጉ እስከ ወገቡ የረጠበ የጭቃ ቤት ቆሞ ቢታይም፣ ፀሐይ ሲመታውና እንጨቱ ሲላቀቅ ሊወድቅ ይችላል። አደጋ ሁለት ጊዜ እንደሚመጣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በመራራ ሁኔታ አይተናል፤ በመጀመሪያው የመሬት ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበውን ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ ደርሶበት፣ በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ስለዚህ ቤቶቹን አናጢና ግንበኛ ከቀበሌው ተወካይ ጋር ዞሮ ሳያያቸው ማንም አይመለስ፤ ትምህርት ቤቱንም ለመልቀቅ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ድንኳን የሚተከልበት ከፍ ያለ ቦታ መፈለግ አለበት።

እድሩን ለጉልበት ብቻ መጥራት

እድር፣ ደቦና ወንፈል ከጎርፍ በኋላ ከማንም ቀድመው ይደርሳሉ። ነገር ግን ቀበሌው ብዙ ጊዜ የሚጠራቸው ጆንያ ለማራገፍና ቦይ ለመጥረግ ነው፤ የማን ቤት እንደሚቀድም ሲወሰን የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ አይጠየቁም። የእድር ገንዘብ ደግሞ ለቀብርና ለሐዘን የተዋጣ መሆኑ መከበር አለበት፤ ለቤት መሥሪያ ይዋል የሚል ግፊት ከላይ መምጣት የለበትም፣ የሚወስኑት አባላቱ ናቸው። የሟቾች ቁጥር በበዛበት ዓመት ካዝናው ባዶ የሆነ እድር፣ በሚቀጥለው ዓመት አባላቱን ለመቅበር እንኳ ይቸገራል።

ከብቱን ከመዝገብ ውጭ ማድረግ

የፎገራ ላም ለቤተሰቡ ወተትም፣ ገንዘብም፣ ማዳበሪያም ናት። ውኃ ከተኛበት ግጦሽ በኋላ አባ ሰንጋና የጉበት ትል ስለሚያሰጉ፣ የክትባቱና የመድኃኒቱ ጥያቄ ከመስከረም ማለፍ የለበትም። ድንገት የሞተ ከብት አይታረድ፣ አይገፈፍም፤ በጥልቀት ይቀበር።

የጠፋውን ወሰን ለባለመሬቶቹ መተው

ደለል ከሸፈነው ሜዳ ላይ የወሰን ድንጋይ ይጠፋል፣ ወንዙም አቅጣጫውን ቀይሮ ከአንዱ ቆርሶ ለሌላው ይጨምራል። ቀበሌው ጉዳዩን «ተስማሙ» ብሎ ከተወው፣ መጀመሪያ ያረሰው ሰው ባለመብት ይመስላል፤ መጀመሪያ የሚያርሰው ደግሞ በሬ የተረፈለት ነው። ባል የሞተባት ሴትና ወላጅ የሌላቸው ልጆች መሬታቸውን የሚያጡት በዚህ መንገድ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ይዞታ ማረጋገጫ ባለበት፣ ማለትም መሬቱ ተለክቶ ካርታ በተሠራለት ቀበሌ፣ ካርታው በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ስለሚገኝ፣ ደብተሩ በጎርፍ የተወሰደበት ሰው መብቱ አልጠፋም። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ከእርሻ በፊት ከባለሙያ ጋር ወጥቶ፣ አዋሳኞች ባሉበት ካስማ መትከል አለበት።

በነበረበት ቦታ፣ በነበረበት ልክ መልሶ መሥራት

የደቻቱ ወንዝ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ግን በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ከተማው ድረስ መጥቶ ሰዉን በእንቅልፉ ላይ አገኘው። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንብ መሥራት የማይችል የገጠር ቀበሌ ግን ሌላ ነገር ይችላል፤ ውኃው የደረሰበትን ልክ ማወቅ። ሙላቱ እንደሸሸ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የጭቃ መስመር ይቀራል፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግድግዳው ሲመረግ መስመሩ ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም «እዚህ አይደርስም» እየተባለ ቤት ይሠራል። ከመመረጉ በፊት የቀበሌው ሰው አንድ ቆርቆሮ የማይለቅ ቀለም ይዞ፣ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ፣ በጤና ኬላው፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥርና በመስጊዱ ምሰሶ ላይ መስመሩን ይሳል፣ ከሥሩም ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፍ። የአዲስ ጎጆ መደብና የጎተራ እግር የሚለካው ከዚያ መስመር በላይ ይሆናል።